የከተማ ምክር ቤት ስለ ገንዘብና ስለ መሬት እንዴት ይወስናል? ከድምፁ ቀን ቀድሞ ለመድረስ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

የከተማ ምክር ቤት በየወሩ ብዙ ነገር ያጸድቃል፤ የነዋሪውን ኑሮ ለዓመታት ይዘው የሚቆዩት ግን ሁለት ዓይነት ውሳኔዎች ናቸው። አንደኛው የከተማው ገንዘብ ከየት ተሰብስቦ ለምን እንደሚውል፣ ሁለተኛው ደግሞ በየትኛው ቦታ ምን ዓይነት ግንባታ እንደሚፈቀድ ይወስናል። አብዛኛው ነዋሪ ስለነዚህ ጉዳዮች የሚሰማው ድምፅ ሊሰጥባቸው ጥቂት ቀን ሲቀር፣ ሲብስም ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ባለሙያዎቹ ሪፖርታቸውን ጽፈው፣ ኮሚቴው መክሮ፣ አባላቱም አቋማቸውን ይዘው ስለሚገኙ፣ በአዳራሹ የሚሰማው ተቃውሞ ትክክል ቢሆን እንኳ የሚለውጠው ነገር ጥቂት ነው።

ይህ መመሪያ ከዚያ ቀን ቀድሞ መድረስ ለሚፈልግ ነዋሪ የተዘጋጀ ነው። በጀቱንና የመሬት ጉዳዩን አንድ ላይ የሚያቀርበውም ሆን ብሎ ነው፤ መሬትን የሚመለከት ውሳኔ ሁሉ ውሎ አድሮ የገንዘብ ውሳኔ ይሆናልና። አዲስ ሰፈር ሲፈቀድ ለመንገዱ፣ ለውኃ መስመሩ፣ ለፍሳሽ ማስወገጃውና ለትምህርት ቤቱ የሚከፍል ሰው መኖር አለበት፤ በጀቱን ብቻ ወይም ፕላኑን ብቻ የሚከታተል ሰው የሚያየው የጉዳዩን ግማሽ ነው። ዝርዝር አሠራሩ ከአገር አገር ቢለያይም፣ ከዚህ በታች የተቀመጠው አካሄድ የተመረጠ ምክር ቤት ባላቸው በአብዛኞቹ ከተሞች በአንድ ወይም በሌላ መልክ ይገኛል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ይለዩ

አቤቱታ ከመጻፍዎ በፊት ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ይፈልጉ፤ ረቂቁን የሚያዘጋጀው ማን ነው? የሚያጸድቀው ማን ነው? ከጸደቀ በኋላ የመሻር ሥልጣን ያለውስ ማን ነው? በአንዳንድ ከተሞች ከንቲባው በቀጥታ በሕዝብ ተመርጦ በጀቱን ራሱ ያዘጋጃል፣ ምክር ቤቱ ያወጣውን ደንብም ሊመልስ ይችላል። በሌሎች ደግሞ ምክር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ቀጥሮ የዕለት ሥራውን ለእርሱ ይሰጣል፤ እዚያ ከንቲባው ስብሰባ ከመምራት ብዙም ያለፈ ሥልጣን የለውም። መንገድ፣ ውኃና ትምህርት ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ በከተማው፣ በክልሉና በማዕከላዊው መንግሥት መካከል የተከፋፈሉ ናቸው። ምክር ቤቱ ሥልጣን የሌለውን ነገር እንዲያደርግ መጠየቅ የአባላቱንም የጠያቂውንም ጊዜ ያባክናል።

ከዚህ የማይተናነስ ሌላም ልዩነት አለ። ምክር ቤቱ ለሰፈሩ ሁሉ የሚሠራ ደንብ ሲያወጣ ሕግ አውጪ ነው፤ አባላቱ እንደማንኛውም ፖለቲከኛ ከማንም ጋር መነጋገርና አቋም መያዝ ይችላሉ። ያለውን ደንብ ተጠቅሞ በአንድ ሰው ማመልከቻ ላይ ሲወስን ግን ሥራው ወደ ዳኝነት ይጠጋል። በብዙ አገሮች አባላቱ በዚህ ጊዜ ማስረጃውን ሳይሰሙ አቋማቸውን እንዲያሳውቁ ወይም ከአመልካቹም ሆነ ከተቃዋሚው ጋር በግል እንዲመክሩ አይፈቀድም፤ የተደረገው ንግግር ካለም በይፋ መገለጽ ይኖርበታል። ስለዚህ ደንብ በሚወጣበት ጊዜ ለአባሉ ስልክ መደወል ተገቢ ሲሆን፣ በማመልከቻ ላይ በሚወሰንበት ጊዜ ግን ያው የስልክ ጥሪ ውሳኔውን በፍርድ ቤት ሊያስሽር ይችላል። ጉዳይዎ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የምክር ቤቱን ጸሐፊ ወይም የፕላን ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቁ።

ብዙ የግንባታ ማመልከቻዎች ምክር ቤቱ ጋ የማይደርሱ መሆናቸውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ በእንግሊዝ አብዛኛው የግንባታ ማመልከቻ የሚወሰነው በተሰጣቸው ውክልና መሠረት በባለሙያዎች ነው፤ ወደ ተመራጮቹ ኮሚቴ የሚቀርበው ትልቅ ወይም አከራካሪ የሆነው ነው። በእንዲህ ያለው አሠራር ጉዳዩ ወደ ኮሚቴ እንዲመራ ጠይቆ ማስወሰን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ የጊዜ ገደብም አለው።

ደረጃ 2፦ የጊዜ ሰሌዳውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይቁጠሩ

በጀት በአንድ ስብሰባ አይወለድም። በመጀመሪያ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ የሚመጣውን ዓመት ገቢ ተንብዮ ለመምሪያዎች የወጪ ጣሪያ ይሰጣል፤ መምሪያዎች ጥያቄያቸውን ያቀርባሉ፤ ሥራ አስፈጻሚው ጥያቄዎቹን ቆርጦና አመጣጥኖ ረቂቅ ያዘጋጃል፤ ረቂቁ በምክር ቤቱ የበጀት ኮሚቴ ይመረመራል፤ ሕዝቡ አስተያየት ይሰጣል፤ በመጨረሻም ምክር ቤቱ የበጀት ዓመቱ ከመግባቱ በፊት ያጸድቃል። በሕዝብ መድረኩ ላይ የሚሰጠው አስተያየት የሚደርሰው ከስድስቱ አንጓዎች አምስተኛው ላይ ነው። በዚያ ጊዜ አዲስ ሥራ ማስገባት ከሌላው ሥራ ላይ ቀንሶ ማምጣት ስለሚሆን፣ ጥያቄው የቱንም ያህል ምክንያታዊ ቢሆን ተቃዋሚ ይፈጠርበታል። የመንገድ መብራት፣ የሕፃናት መጫወቻ ወይም የጎርፍ መውረጃ ቦይ የሚፈልግ ሰፈር ጥያቄውን ማስገባት ያለበት መምሪያዎቹ የራሳቸውን ዝርዝር በሚያዘጋጁበት ወቅት ነው።

በብራዚል የምትገኘው ፖርቶ አሌግሬ እ.ኤ.አ. በ1989 አሳታፊ በጀትን ስትጀምር ያስተካከለችው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነበር። ነዋሪዎች በየአካባቢያቸው ተሰብስበው የሚያስቀድሙትን ሥራ የሚመርጡትና ተወካይ የሚሰይሙት ረቂቁ ለምክር ቤት ከመቅረቡ ወራት ቀደም ብሎ ነበር፤ በዚህም ምክንያት የሕዝቡ ምርጫ ረቂቁን ከመተቸት አልፎ በራሱ በረቂቁ ውስጥ ይገባ ነበር። አሠራሩ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ተወስዷል፤ ፓሪስም በ2014 የጀመረችው ከካፒታል በጀቷ የተወሰነውን ድርሻ ለነዋሪዎች ምርጫ በመተው ነው። በእርስዎ ከተማ እንዲህ ያለ መድረክ ካለ፣ የሚቀርበው የገንዘብ መጠን ትንሽ ቢመስልም ይሳተፉ፤ ባለሙያዎቹ የሥራ ዋጋ እንዴት እንደሚገምቱ በቅርብ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

የመሬት ጉዳይም የራሱ ሰሌዳ አለው። የከተማው መሪ ፕላን በየጥቂት ዓመቱ ወይም በየአሥር ዓመቱ ገደማ ይከለሳል፤ ያ ክለሳ በሚካሄድበት ወቅት ስብሰባው ባዶ፣ ርዕሱም ከዕለት ኑሮ የራቀ ይመስላል። ሆኖም ከዓመታት በኋላ በደጃፍዎ የሚቆመው ሕንፃ የሚፈቀደው ወይም የሚከለከለው በዚያ ሰነድ ነው። ጊዜዎ ውስን ከሆነና ከሁሉም አንዱን ብቻ መከታተል ካለብዎ የፕላን ክለሳውን ይምረጡ።

ደረጃ 3፦ በጀቱን አገላብጠው ያንብቡ

የከተማ በጀት ሰነድ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች ሊኖሩት ይችላል። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማንበብ አያስፈልግም፤ የከንቲባው መግቢያ መልእክት ስለ ምኞቱ እንጂ ስለ ገንዘቡ ብዙም አይናገርም። በቅድሚያ ጠቅላላ የገቢና የወጪ ማጠቃለያ ሰንጠረዡን ፈልገው ያውጡና መደበኛ በጀቱንና የካፒታል በጀቱን ለይተው ያስቀምጡ። መደበኛው ደመወዝን፣ ነዳጅን፣ መብራትን፣ ጥገናንና የመሳሰለውን በየዓመቱ የሚደጋገም ወጪ ይሸፍናል፤ ካፒታሉ ደግሞ ለዓመታት የሚያገለግል ነገር መገንቢያ ነው።

የከተሞች ችግር ብዙ ጊዜ የሚደበቀው በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው። አንድ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ለማስገንባት 100 ሚሊዮን ተበድሮ በ20 ዓመት እንዲከፈል፣ ዋናው ገንዘብ በየዓመቱ እኩል እየተቀነሰ በቀረው ዕዳ ላይ 5 በመቶ ወለድ እንዲታሰብ አጸደቀ እንበል። በመጀመሪያው ዓመት 5 ሚሊዮን ከዋናው፣ 5 ሚሊዮን ደግሞ ወለድ፣ በድምሩ 10 ሚሊዮን ከመደበኛው በጀት ይወጣል፤ በ20 ዓመቱ መጨረሻ የተከፈለው ወለድ ብቻ 52.5 ሚሊዮን ይደርሳል። ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች፣ ለመጻሕፍት ግዢ፣ ለመብራትና ለጣሪያ ጥገና የሚያስፈልገው ገንዘብ በዚህ ስሌት ውስጥ ገና አልገባም። ስለዚህ በካፒታል በጀቱ ውስጥ አዲስ ሥራ ባዩ ቁጥር ወደ መደበኛው በጀት ተመልሰው ለሥራው ማስኬጃ መስመር ተይዞለት እንደሆነ ይፈትሹ። ካልተያዘለት ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ሕንፃው ተመርቆ በሩ የሚዘጋው እንዲህ ባለው ክፍተት ነውና።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ዋና መስመር ሦስት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ባለፈው ዓመት የጸደቀውን፣ በዓመቱ አጋማሽ የተሻሻለውንና በተግባር የወጣውን። ለመንገድ ጥገና በየዓመቱ ብዙ ገንዘብ እየጸደቀ ግማሹ ብቻ ሥራ ላይ የሚውል ከሆነ፣ ችግሩ የበጀት እጥረት ስላልሆነ ተጨማሪ ገንዘብ መጠየቅ መፍትሔ አይሆንም፤ መጠየቅ ያለበት ጨረታው ለምን እንደሚጓተት ወይም ገንዘቡ ወደየትኛው መስመር እንደሚዛወር ነው። የበጀት ዝውውርና ተጨማሪ በጀት በዓመቱ መካከል፣ ሰው በማይከታተልበት ወቅት ስለሚጸድቁ ከዋናው በጀት ባልተናነሰ ትኩረት ሊታዩ ይገባል።

በገቢው በኩል ደግሞ ገንዘቡ ምን ያህል ነፃ እንደሆነ ይመልከቱ። ከማዕከላዊ መንግሥት ለተወሰነ ዓላማ የተሰጠ ድጎማ ወይም ከውኃ ደንበኞች የተሰበሰበ ክፍያ በአብዛኛው ለሌላ ሥራ ሊዛወር አይችልም። በጠቅላላ ድምሩ ላይ ትልቅ የሚመስለው በጀት ምክር ቤቱ በእርግጥ የሚወስንበት ድርሻ ሲለይ በጣም ሊያንስ ይችላል። በተቃራኒው ለአልሚዎች የሚሰጥ የግብር ዕፎይታ ወጪ ሆኖ ስለማይመዘገብ በሰንጠረዡ ላይ አይታይም፤ ነገር ግን ያልተሰበሰበ ገንዘብም የወጣ ገንዘብ ነውና ለማን፣ ለስንት ዓመት፣ በምን ግዴታ እንደተሰጠ የሚያሳይ ዝርዝር እንዲቀርብ ይጠይቁ።

በመጨረሻም ከበጀቱ ውጪ ሆነው የሚጠብቁትን ግዴታዎች ይፈልጉ፦ ዕዳ፣ የጡረታ ክፍያ፣ በፍርድ ቤት ያለ ክርክር። በሐምሌ 2013 የአሜሪካዋ ዲትሮይት 18 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በተገመተ ዕዳ የኪሳራ አቤቱታ ስታቀርብ፣ ከዕዳው ከፍተኛው ድርሻ የጡረተኞች ጡረታና የሕክምና ክፍያ እንዲሁም ቦንድ ነበር። በእንግሊዝ የበርሚንግሃም ምክር ቤት በመስከረም 2023 በሕግ ከተጣሉበት አገልግሎቶች በስተቀር አዲስ ወጪ ማቆሙን ያስታወቀው በአብዛኛው ለሴት ሠራተኞች ያልተከፈለ እኩል ክፍያ ባስከተለው ዕዳ ምክንያት ነው። ሁለቱም ግዴታዎች በአንድ ሌሊት የመጡ አልነበሩም። እንዲህ ያለው ነገር ከዋናው ሰንጠረዥ ይልቅ በኦዲት ሪፖርቱ ማብራሪያ ውስጥ ስለሚጻፍ፣ የኦዲት ሪፖርቱን ከበጀቱ ጋር አብረው ያንብቡ።

ደረጃ 4፦ የመሬት አጠቃቀም ካርታውንና ደንቡን ያመሳክሩ

ኒው ዮርክ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የዞን ደንብ (ከተማውን በክፍል ከፋፍሎ በየክፍሉ ምን መገንባት እንደሚቻል የሚወስን ደንብ) በ1916 ስታወጣ ከምክንያቶቹ አንዱ በ1915 የተጠናቀቀው የኢኩዊተብል ሕንፃ ነበር፤ ከ30 ፎቅ በላይ ሆኖ፣ የላይኞቹ ወለሎች ከጎዳናው ወደ ኋላ ሳያፈገፍጉ ቀጥ ብሎ ስለተሠራ የአካባቢውን ጎዳናዎችና ሕንፃዎች ብርሃን ከልክሎ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1926፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦሃዮ ግዛት በምትገኘው በዩክሊድ ጉዳይ ከተሞች እንዲህ ያለ ደንብ የማውጣት ሥልጣን እንዳላቸው አረጋገጠ። ሁሉም አገር ግን በአንድ መንገድ አልሄደም። በጃፓን ከተሞች የሚመርጡት በብሔራዊ ሕግ ከተደነገጉ 13 የአጠቃቀም ዞኖች ውስጥ ነው፤ ብሪታንያ ደግሞ ከ1947ቱ ሕግ ጀምሮ የማልማት መብትን ከፈቃድ ጋር አያይዛ እያንዳንዱን ማመልከቻ ከፕላኑ ጋር እያመሳከረች ትወስናለች። ከሁሉ አስቀድሞ ከተማዎ ከሁለቱ ወደየትኛው እንደሚጠጋ ይወቁ። ደንቡ የወሰነው ነገር ካለ ክርክሩ ከደንቡ ጋር ነው፤ ፈቃድ ሰጪው የማመዛዘን ሥልጣን ካለው ደግሞ ክርክሩ ስለ ማመልከቻው ጥቅምና ጉዳት ይሆናል።

ከዚያ የቦታውን መለያ ቁጥር ይዘው ሦስት ነገሮችን ያውጡ፤ መሪ ፕላኑ ለአካባቢው ያሰበውን፣ ካርታው ለቦታው የሰጠውን ዞን፣ ደንቡ በዚያ ዞን የሚፈቅደውን። አንዳንዴም እንደ ቅርስ ጥበቃ ወይም የጎርፍ ሥጋት ያለ ተደራቢ ክልከላ ይኖራል።

በደንቡ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች በተግባር ምን ማለት እንደሆኑ ራስዎ ያስሉ። 600 ካሬ ሜትር ቦታ አለ እንበል፤ ደንቡ ከቦታው 50 በመቶው ላይ እንዲገነባ ይፈቅዳል፣ የወለል ስፋት ምጣኔው ደግሞ 2 ነው። ምጣኔ 2 ማለት የሁሉም ወለሎች ድምር የቦታውን ሁለት እጥፍ፣ ማለትም 1,200 ካሬ ሜትር ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። እያንዳንዱ ወለል 300 ካሬ ሜትር ስለሆነ ሕንፃው አራት ወለል ይወጣዋል። ከጠቅላላው ስፋት አንድ አምስተኛው ለደረጃ፣ ለአሳንሰርና ለመተላለፊያ ቢወጣና እያንዳንዱ መኖሪያ 80 ካሬ ሜትር ቢሆን 12 መኖሪያዎች ይኖሩታል። አልሚው ምጣኔው ወደ 4 እንዲያድግለት ቢጠይቅ በዚያው መሬት ላይ ስምንት ወለልና 24 መኖሪያዎች ይሆናሉ። ደንቡ ለእያንዳንዱ መኖሪያ አንድ የመኪና ማቆሚያ የሚያስገድድ ከሆነ፣ አንድ መኪና ከመዞሪያው ጋር 25 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሚይዝ 24 መኪኖች 600 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ቦታውን በሙሉ የሚያህል ስፋት ይፈልጋሉ። ይህ ከምድር በታች መቆፈር ግድ ይላል፤ የቤቱንም ዋጋ ያንራል። የመኪና ማቆሚያ ግዴታ ትንሽ ዝርዝር ቢመስልም የቤት ዋጋን ከሚወስኑት አንቀጾች አንዱ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በእኔ እምነት ነዋሪዎች ጥብቅ ደንብ ሁልጊዜ ይጠብቀናል ብለው ማሰባቸው ስሕተት ነው። ጥቅጥቅ ያለ ግንባታን በሁሉም ሰፈር መከልከል ቤት ፈላጊውን ወደ ከተማው ዳርቻ ይገፋል፤ የዳርቻው መንገድና የውኃ መስመር ደግሞ በሁሉም ገንዘብ ይሠራል። የአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ምክር ቤት በታኅሣሥ 2018 አንድ ቤት ብቻ ይፈቀድባቸው በነበሩ ቦታዎች እስከ ሦስት መኖሪያ እንዲገነባ የሚፈቅድ ፕላን ያጸደቀው፣ የኒው ዚላንዷ ኦክላንድም በ2016 በአብዛኛው የመኖሪያ መሬቷ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ግንባታ የፈቀደችው የቤት አቅርቦትን ለመጨመር ነው። ሰፈርዎ እንዳይለወጥ ከመከራከርዎ በፊት ግንባታው እዚያ ካልሆነ ወዴት እንደሚሄድና ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ያስቡበት።

ደረጃ 5፦ ማመልከቻውን ከመነሻው እስከ ባለሙያው ሪፖርት ይከተሉ

አልሚው የሚጠይቀው ነገር ምን እንደሆነ በትክክል ይለዩ። የዞን ለውጥ ከጠየቀ ደንቡ ራሱ እየተቀየረ ነው፤ የሚለወጠው ለእርሱ ሕንፃ ብቻ ሳይሆን ወደፊት ቦታውን ለሚገዛ ሁሉ ነው። ልዩ ፈቃድ ከጠየቀ ደንቡ በቅድመ ሁኔታ የሚፈቅደውን አገልግሎት እየጠየቀ ነው። ከደንቡ አንዱን ግዴታ ሳያሟላ እንዲገነባ እንዲፈቀድለት ከጠየቀ ደግሞ የቦታው ቅርጽ ወይም ተዳፋትነት ደንቡን ለማክበር እንዳላስቻለው ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ትርፍ እንዳይቀንስበት መፈለጉ በአብዛኞቹ ሕጎች በቂ ምክንያት አይደለም። ለሦስቱም መመዘኛው የተለያየ ስለሆነ፣ ለዞን ለውጥ የተዘጋጀ ክርክር ለልዩ ፈቃድ ሲቀርብ ዋጋ ያጣል።

ማመልከቻው ከተመዘገበ በኋላ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ለጎረቤቶችም ደብዳቤ ይላካል። ከዚያም የፕላን ባለሙያው ሪፖርት ይጽፋል፤ ሪፖርቱ የውሳኔ ሐሳብና ረቂቅ ቅድመ ሁኔታዎችን ስለሚይዝ ከጉዞው ሁሉ ክብደት ያለው ሰነድ እርሱ ነው። ሪፖርቱ ከመጻፉ በፊት ለባለሙያው የተላከ አንድ ገጽ፣ ከተጻፈ በኋላ በአዳራሽ ከሚደረግ ረጅም ንግግር ይልቅ ብዙ ጊዜ ያመዝናል፤ ባለሙያው ያነሱትን ነጥብ በሪፖርቱ ውስጥ መመለስ ይኖርበታልና። ሪፖርቱ ሲወጣ የትራፊክ ጥናቱ በየትኛው ወርና ሰዓት እንደተካሄደ፣ የፍሳሽ መስመሩ አቅም በማን እንደተረጋገጠ፣ በአቅራቢያው የጸደቁ ሌሎች ግንባታዎች በስሌቱ ውስጥ መግባታቸውን ይመልከቱ። ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ወር የተሠራ የትራፊክ ቆጠራ ማንም በቀላሉ የሚረዳው ጉድለት ነው።

የገንዘቡና የመሬቱ ጉዳይ የሚገናኙት በቅድመ ሁኔታዎቹ ላይ ነው። ከተማው አልሚው መንገድ እንዲያሰፋ፣ መናፈሻ እንዲሰጥ ወይም ለመሠረተ ልማት እንዲከፍል ሊጠይቅ ይችላል፤ ሆኖም ግዴታው ከግንባታው ጫና ጋር መመጣጠን አለበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 በኦሪገን ግዛት የምትገኘው የታይጋርድ ከተማ አንዲት ባለ ሱቅ መደብሯን ለማስፋት ፈቃድ ስትጠይቅ ከመሬቷ ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ እንድትሰጥ ያስቀመጠችውን ግዴታ የመረመረው በዚህ መመዘኛ ነበር፤ ከተማዋም ግዴታው ግንባታው ከሚያስከትለው ጫና ጋር በግምት እንኳ መመጣጠኑን እንዳላሳየች ወሰነ። ስለዚህ የሚጠይቁትን ቅድመ ሁኔታ በቁጥር ይደግፉ፦ ስንት ተጨማሪ መኪና፣ ስንት ተጨማሪ ተማሪ፣ የቱ መስቀለኛ መንገድ። የሚፈጸምበትንም ጊዜ ያስጽፉ፤ «መንገዱ ይሠራል» ከሚል ቅድመ ሁኔታ ይልቅ «መንገዱ ሳይጠናቀቅ ማንም ወደ ሕንፃው አይገባም» የሚለው አስገዳጅ ነው።

ከተማው ራሱ መሬት አስለቅቆ ለአልሚ የሚያስተላልፍበት ጉዳይ ሲሆን ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። የኒው ለንደን ከተማ በኮነቲከት ግዛት ቤቶችን ለኢኮኖሚ ልማት የመውሰድ መብቷን በ2005 በጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ አረጋገጠች፤ የልማቱ ዕቅድ የተንጠለጠለበት ፋይዘር ኩባንያ በ2009 አካባቢውን እንደሚለቅ ሲያስታውቅ ግን ቤቶቹ የፈረሱበት መሬት ለዓመታት ባዶውን ቀረ። በእንዲህ ያለ ዕቅድ ላይ መነሣት ያለበት ጥያቄ አልሚው ቢተወው መሬቱና የወጣው ገንዘብ ምን ይሆናሉ የሚለው ነው፤ መልሱም በውሉ ውስጥ መጻፍ አለበት።

ደረጃ 6፦ አስተያየትዎን ሕጉ በሚሰማው ቋንቋ ያቅርቡ

ወሳኙ አካል ሊመዝናቸው የሚችላቸውና የማይችላቸው ምክንያቶች አሉ። በእንግሊዝ አሠራር ለምሳሌ የጎረቤት ቤት ዋጋ መቀነስ ወይም ከግል መስኮት የሚታይ ዕይታ መጥፋት ግምት ውስጥ አይገባም፤ የብርሃን መጋረድ፣ ወደ ሰው ቤት የሚያሳይ መስኮት፣ ጫጫታ፣ ትራፊክና የመንገድ ደኅንነት ግን ይመዘናሉ። ስለዚህ ስጋትዎን ከሚመዘነው ጋር ያገናኙት። የአልሚው ማንነት፣ የሚከራዩት ሰዎች ዘር ወይም የኑሮ ደረጃ ፈጽሞ ሊነሣ አይገባም፤ በሕግም ያስጠይቃል፣ በሰው ልጅ ክብርም ላይ በደል ነው።

ደብዳቤው የማመልከቻውን ቁጥር፣ የሚጠይቁትን ውሳኔ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር፣ ከዚያም ሁለት ወይም ሦስት ምክንያቶችን ከነአንቀጻቸው፣ በመጨረሻም ምክር ቤቱ ቢፈቅድ እንኳ ሊያክላቸው የሚገቡ ቅድመ ሁኔታዎችን ይያዝ። ይህ የመጨረሻው ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሙሉ ተቃውሞ ብቻ የያዘ ደብዳቤ ድምፁ ሲሸነፍ ምንም ሳያተርፍ ይቀራል፤ ቅድመ ሁኔታ ያዘለው ግን ከውሳኔው ውስጥ አንድ ነገር ይዞ ሊወጣ ይችላል። ሃምሳ ሰው የፈረመበት አንድ ዓይነት ደብዳቤም ከየራሳቸው ቤት ያዩትን ከጻፉ አምስት ሰዎች ደብዳቤ ያነሰ ይረዳል።

በስብሰባው ላይ ለአንድ ተናጋሪ የሚሰጠው ጊዜ ብዙ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ስምዎንና አካባቢዎን ከተናገሩ በኋላ የሚጠይቁትን ወዲያው ይግለጹ፤ በጽሑፍ ያስገቡትን መላልሰው አያንብቡ። ብዙ ሆናችሁ ከመጣችሁ አንዱ ስለ ትራፊክ፣ ሌላው ስለ ፍሳሽ እንዲናገር ተከፋፈሉ።

ደረጃ 7፦ በድምፁ ቀን

አጀንዳው አስቀድሞ ይወጣል፤ በካሊፎርኒያ በ1953 የወጣው የክፍት ስብሰባ ሕግ ለመደበኛ ስብሰባ ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት እንዲለጠፍ ያስገድዳል። በአጀንዳው ውስጥ ያለ ክርክር በጥቅል የሚጸድቁ ጉዳዮች የሚዘረዘሩበትን ክፍል አይለፉት። የጨረታ ውሎችና የበጀት ዝውውሮች ብዙ ጊዜ የሚገኙት እዚያ ነው፤ አንድ አባል ከጠየቀም ጉዳዩ ከጥቅሉ ወጥቶ ለብቻው ይታያል። ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ለወከለዎ አባል መልእክት ይላኩ።

በስብሰባው ላይ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን፣ የጥቅም ግጭት ያለበት አባል ይህንኑ አሳውቆ መውጣቱን፣ በመጨረሻ ሰዓት የቀረበ ማሻሻያም በግልጽ መነበቡን ይከታተሉ። የእያንዳንዱን አባል ድምፅ፣ ድምፀ ተዓቅቦውንም ጨምሮ፣ ይመዝግቡ። ምክር ቤቱ ጉዳዩን ለሌላ ጊዜ ካስተላለፈ ቀኑን ሳይጠይቁ አይውጡ።

ደረጃ 8፦ ከጸደቀ በኋላ

ውሳኔው በጽሑፍ የሚወጣበትን ቀን ይያዙ፤ የይግባኝ ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው በአብዛኛው ከዚያ ስለሆነና ገደቡም ብዙ ጊዜ በሳምንታት የሚለካ ስለሆነ ነው። ፍርድ ቤት ውሳኔው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለውን እንደገና አይወስንም፤ የሚመረምረው ሥልጣን ባለው አካል፣ ማስታወቂያው በወጉ ተሰጥቶ፣ በማስረጃ ተደግፎ መወሰኑን ነው። ይግባኝ ለመጠየቅ ጉዳዩ አስቀድሞ በምክር ቤቱ ፊት ተነሥቶ መሆን እንዳለበት የሚደነግጉ ሕጎችም ስላሉ፣ በደረጃ 6 ያስገቡት ደብዳቤ ቅጂና የተቀባዩ ማኅተም በእጅዎ ይኑር። ቃለ ጉባኤው በሚቀጥለው ስብሰባ ከመጽደቁ በፊት አንብበው የተዛባ ነገር ካለ እርማት ይጠይቁ።

የቅድመ ሁኔታዎቹን ዝርዝር ደግሞ ከግንባታ ተቆጣጣሪው ይውሰዱ። በየቅድመ ሁኔታው አጠገብ የሚፈጸምበትን ጊዜ ይጻፉ፤ መሠረት ከመጣሉ በፊት፣ ጣሪያ ሲወጣ፣ ሰው ከመግባቱ በፊት። ያልተፈጸመ ሲያገኙ ፎቶግራፉን፣ ቀኑንና የቅድመ ሁኔታውን ተራ ቁጥር ጨምረው በጽሑፍ ያመልክቱ። በበጀት በኩልም የሩብ ዓመቱ የአፈጻጸም ሪፖርት ሲወጣ ለሰፈርዎ የጸደቀው መስመር ምን ያህል እንደወጣለት ይመልከቱ፤ ዘግይቶ ከሆነ የሚቀጥለው ዓመት የመምሪያዎች ጥያቄ ከመዘጋቱ በፊት ገንዘቡ ወደ አዲሱ ዓመት እንዲሸጋገር ይጠይቁ።